አያ ተድላ ያልተናገሩት ቃል

ባለፈው ሳምንት ከደባርቅ ወደ ጎንደር ስወርድ የተሳፈርሁበት አውቶቡስ ከሾፌሩ ራስ በላይ ቴሌቪዥን ነበረው። ድሮ በዚህ መንገድ ሰው የሚያየው ማሳውን ነበር፤ ገብሱ እንዴት እንደያዘ፣ የማን በሬ እንደከሳ፣ ወገራ ላይ ዝናብ ጥሎ እንደሆን። አሁን መጋረጃው ይጋረድና ሁሉም ወደ ላይ አንጋጦ ፊልም ያያል። እኔም አንጋጠጥሁ። ሰው ሲያረጅ ሌላው የሚያደርገውን ማድረግ ይቀለዋል።

ፊልሙ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች አንድ ትልቅ ቤት ገቡና ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ለስላሳ ቀረበላቸው፤ ጠጡ። ከዚያ አንደኛው "ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው" አለ። አባትየው ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ "ሰጥቻችኋለሁ" አለ። በቃ፤ እልል ተባለ። ሳላስበው ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ከስልኳ ቀና ብላ "አባባ፣ ምን አሳቀዎት?" አለችኝ። ረጅም ነገር ነው ልጄ፣ አልኋት። እሷ ዳባት ወረደች፤ እኔን ግን ነገሩ እንደያዘኝ ጎንደር ድረስ አብሮኝ ሄደ። ለእሷ ያልነገርኋትን ለእናንተ ላጫውታችሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት ያለፈኝ ጎረምሳ ነበርሁ። ትምህርቴ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዳዊት ደግሜ አስኳላ ገባሁ፤ አራተኛ ክፍል ላይ አባቴ ሲሞት ተውሁት። የእጅ ጽሑፌ ግን ያምር ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ጽሑፍ ነው፤ ፊደሉ አንድ በአንድ ቀጥ ብሎ የሚቆም። በገበያ ቀን ደባርቅ ላይ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተቀምጬ ለሰው ደብዳቤና ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ልጇ ወታደር የሄደባት እናት፣ በድንበር የተካሰሰ ገበሬ፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣል። ሁሉም ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመሐል ነው የሚጀምር። እኔም ነገሩን ከሥሩ አስነስቼ፣ እንባውን ትቼ፣ ጉዳዩን አስቀምጥለታለሁ። ለካ ይህም አንድ ሙያ ኖሯል።

በጥቅምት መጨረሻ ግድም፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ሰሞን፣ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ፊልም ሠሪዎች ከአዲስ አበባ መጡ። የሰሜን ተራሮችን ከጀርባ አድርገው የአንዲት የባላገር ልጅ ታሪክ ሊያነሱ ነው አሉ። ሲመጡ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲህ ያለው ኮረኮንች የጽሕፈት መኪናቸውን አንገጫግጮ ሰብሮት ነበርና፣ ለተዋንያኑ ጽሑፉን በእጁ የሚገለብጥ ሰው ሲያፈላልጉ እኔን አገኙ። ካርቦን እያደረግሁ ለእያንዳንዱ ተዋናይ አንድ አንድ ቅጂ ማውጣት ነበር ሥራዬ።

የታሪኩ ደራሲም አዘጋጁም አንድ ሰው ነበር፤ ጋሽ በለጠ ይባላል። ቀጭን፣ ትልቅ መነጽር የሚያደርግ፣ ብርዱን እየተራገመ ከብርዱ የማይገባ ሰው። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ስለው "ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ አታስረጀኝ" አለና ከለከለኝ። ስንገለብጥ ውለን አመሻሽ ላይ በባቄላው ማሳ ዳር እየሄድን እሸት እየፈለፈልን እንበላ ነበር። ጋሽ በለጠ ባቄላውን ከነልጣጩ ይበላል፤ ብነግረውም አይሰማ።

የፊልም ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍ የተማርሁት በዚያ ማሳ ዳር ነው። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ ራሴ የጻፍሁትን አንድ ትዕይንት ሰጠሁት። "ልጅቱ ይህን በሰማች ጊዜ ልቧ በሐዘን ተሞላ" ይላል። አነበበና "ግሩም ነው" አለኝ። ደስ አለኝ። ቀጠለና "እንግዲህ ካሜራውን የት ላስቀምጠው? ከልቧ አጠገብ?" አለ። ደነገጥሁ።

"ስማ ማሩ" አለኝ፤ "ካሜራ ዓይንና ጆሮ ነው ያለው። ልብ የሚባል ቤት መግቢያ የለውም። የሚታየውንና የሚሰማውን ጻፍ። የቀረውን ተመልካቹ ራሱ ይግባበት።"

ከዚያ ወዲያ ነገር ሁሉ እንደዚያ ይታየኝ ጀመር። ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች በዋጋ ሲከራከሩ አፋቸውን ትቼ እጃቸውን አይ ነበር። ሻጩ ለገዢው ዋጋ ሊያወርድ ሲል አስቀድሞ የበጉን ገመድ ይፈታል፤ ቃሉ በኋላ ነው የሚመጣ።

ለቀረጻው የመረጡት ቤት ከዳባት ወደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚወስደው መንገድ የነበረ የአያ ተድላ ቤት ነው። ከግቢው ሆኖ ገደሉ ሁሉ ይታያል። አያ ተድላ ረጅም፣ ጥቂት ተናጋሪ፣ በሬና በግ ያላቸው የተከበሩ ገበሬ ናቸው። የልጅቱን አባት ሆኖ ሊሠራ የመጣው ተዋናይ ብርዱ ጥሎት አልጋ ሲይዝ፣ ጋሽ በለጠ የቤቱን ባለቤት አያ ተድላን በእሱ ቦታ እንዲሠሩ ለመናቸው። ምን ምን እንደሚሉ ሳይጠይቁ፣ የእንግዳ ልመና ነውና እሺ አሉ።

አያ ተድላ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ የሺ። እዚህ ላይ ባላፍር ይሻላል። እኔ ጽሑፍ ለመገልበጥ ያን ያህል የምተጋ ለጋሽ በለጠ ብቻ ብዬ አልነበረም። የሺ የገብስ ቆሎና የተቀቀለ ድንች በሰፌድ ይዛ ትመጣለች፤ ለሁሉም አድላ እኔ ዘንድ ስትደርስ ቆም ትላለች። ነገሯ እንደ ሚጥሚጣ ነው። አንድ ቀን ስጽፍ አይታ "ዛሬ ደግሞ ማንን እየዳርህ ነው?" አለችኝ። የፊልሙን ልጅ አልኋት። "በወረቀት ላይ ለሰው መዳር ታውቅበታለህ" ብላ ሰፌዷን አንሥታ ሄደች። ሽማግሌ ለመላክ ግን ምን ይዤ? መሬት የለኝ፣ በሬ የለኝ፤ ያለኝ ብዕር ነው።

የቀረው ዋናው ትዕይንት ልመናው ነበር፤ ሽማግሌዎች ልጅቱን ሊጠይቁ የሚመጡበት። ጋሽ በለጠ ነገሩ እውነት እንዲመስል ብሎ የመንደሩን እውነተኛ ሽማግሌዎች ነው ያሰለፈ። ከፊት በበቅሎ የመጡት የአጥቢያው ቄስ፣ ቄስ ይመር ናቸው። የእኛ አገር ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ እህል ውሃም አይቀምስም። ከደጅ ቆመው፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ የመጡበትን ተናገሩ። አያ ተድላ መመለስ የነበረባቸው "ልጄን ሰጥቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው" ብለው ነው። ማንበብ ስለማይችሉ ይህን ቃል ጠዋት የነገርኋቸው እኔው ነኝ። ሰምተው ዝም አሉ እንጂ እሺ አላሉም፤ ይህን ልብ አላልሁም።

አያ ተድላ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ "ዘመድ ላማክር። ከሚካኤል ማግሥት ተመለሱ" አሉ።

ቄስ ይመርም "ደግ፣ ያድርሰን" ብለው ወደ በቅሏቸው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ተከተሏቸው። ካሜራ አንሺው ነው ሮጦ ከመንገድ የመለሳቸው።

ሁሉም ሳቀ። እንደገና ተነሣ። በሁለተኛው አያ ተድላ "ልጅቱ ገና አልጠናችም" አሉ። በሦስተኛው ምንም አላሉም፤ መሬት መሬት አዩ። የሚሥቅ ጠፋ። ካሜራ አንሺው የቀረው ፊልም ጥቂት መሆኑን እየማለ ይናገራል። ጋሽ በለጠ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸና ወደ እኔ አየ።

አያ ተድላን ከገብሱ ክምር ኋላ ወስጄ ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"አንተ የአገር ልጅ አይደለህም?" አሉኝ። "ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት። ሽማግሌ ቆሞ፣ መስቀል ተይዞ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ ካልሁ ማንን ነው የሰጠሁ? ያችን ልጄ ሆና የምትሠራውን የአዲስ አበባ ልጅ? እሷስ የራሷ አባት አላት።"

"ጨዋታ እኮ ነው አያ።"

"መስቀሉም ጨዋታ ነው?"

እውነቱን ለመናገር እኔም እንደ እሳቸው ነበር የፈራሁ። የፊልሙን ሙሽራ ሆኖ የሚሠራው መልከ መልካም የአዲስ አበባ ልጅ ከወዲያ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል፤ ያ ቃል ከአያ ተድላ አፍ ከወጣ የሺ በሆነ መንገድ ለእሱ የተሰጠች መሰለኝ። ቄስ ይመርን ሄጄ ብጠይቃቸው "ጨዋታ ነው ልጄ፣ ምን ችግር አለው" አሉኝ። ቀጠሉና "ግን እኔ በሄድሁበት ሽምግልና ቃሉን ያጠፈ ሰው የለም" አሉ። ይህ ምኑ ይረዳል?

ካሜራ አንሺው መላ አመጣ። ለሽማግሌው፣ ለመለማመድ ብቻ ነው፣ ካሜራው አይሠራም በሏቸው፤ እኔ ቀስ ብዬ አነሣለሁ አለ። ጋሽ በለጠ ሐሳቡን እንዳልወደደው ከፊቱ አየሁ። መኪናው ግን በማግሥቱ ይመለሳል፤ ይህ ትዕይንት ከሌለ ደግሞ ፊልሙ መሐሉ የተቦረቦረ ነው። ወደ ጎን ወሰደኝና፣ እሳቸው የሚያምኑት አንተን ነው አለኝ። ይህን ከጨረስሁለት አዲስ አበባ እንደሚወስደኝ፣ አብሬው እየጻፍሁ ሙያውን እንደምማር ነገረኝ። ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም።

አዲስ አበባ! ያኔ ለእኔ ብጤ ሰው ይህ እንደ ሹመት ነበር። እያሰብሁ ወደ ክምሩ ስመለስ የሺ ከበሩ ቆማለች።

"ለአባቴ ምን ልትነግረው ነው እግርህ እንዲህ የከበደ?" አለችኝ።

ነገርኋት። ትሥቃለች ብዬ ነበር፤ አልሣቀችም።

"አባቴን ያታለለ ሰው በዚህ በር ሁለተኛ አይገባም" አለች። "አንተ ደግሞ መግባት የምትፈልግ ይመስለኝ ነበር።"

ሰው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ነው የሚባል። ሌላ አልጨመረችም፤ ሰፌዷን ይዛ ገባች።

አያ ተድላ ከክምሩ ሥር ተቀምጠው የገብስ ዛላ በመዳፋቸው ያሻሉ። አጠገባቸው ተቀመጥሁና፣ ለመለማመድ ነው ብዬ እንዳታልላቸው መላኬን ነገርኋቸው። እፍ ብለው ገለባውን አበረሩና ፍሬውን ግማሽ ሰጡኝ። እየቆረጠምን ቆየን። ያን ጊዜ ጋሽ በለጠ ስለ ልብና ስለ ካሜራ የነገረኝ ነገር መጣብኝ።

"አያ፣ ሽማግሌ መጥቶብዎ፣ ልብዎ ወዶ አፍዎ ግን ገና ያልተናገረ እንደሆን ምን ያደርጋሉ?"

"ምን አደርጋለሁ?" አሉ፤ የሞኝ ጥያቄ ነው የሆነባቸው። "በቅሏቸውን አራግፋለሁ። ኮርቻዋ የወረደ በቅሎ ይዞ ማን ይሄዳል? ያድራላ።"

"ይህስ ቃል አይሆንም?"

"እንግዳ መቀበል ነው። እንግዳ በመቀበል የተከሰሰ ሰው አላውቅም።"

ተነሥቼ ሮጥሁ። ጋሽ በለጠን "አላታለልኋቸውም፤ ግን ይህን እይልኝ" ብዬ፣ ተንበርክኬ በጉልበቴ ላይ የጻፍሁትን ሰጠሁት። እንዲህ ይል ነበር፦ ሽማግሌዎቹ ተናግረው ዝም ይላሉ። አባትየው ዝም ይላል። በመካከላቸው ያልፋል። ወደ በቅሎዋ ይሄዳል። የኮርቻውን ጠፍር ይፈታል። ኮርቻውን ተሸክሞ ወደ ቤት ይገባል። ይህም ፈቀደ ማለት ነው።

ጋሽ በለጠ አነበበው። ደግሞ አነበበው። እስክርቢቶውን አውጥቶ የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ሰረዛት። "ይህችኛዋን ለሰው ተውለት" አለኝ። ከዚያም ትከሻዬን ይዞ ትንሽ ቆመ። ስለ ማታለሉ ነገር ሁለተኛ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁበት።

ለሽማግሌዎቹ አዲሱን ነገር አልነገርናቸውም። ፀሐይዋ ገደሉን ወርቅ ስታስመስለው አያ ተድላ ከቤታቸው ወጡ። ቄስ ይመር ተናገሩ። አያ ተድላ አንድ በአንድ አይተዋቸው፣ በመካከላቸው አልፈው፣ ጠፍሩን ፈቱ። በቅሎዋ ኮርቻው ሲወርድላት መላ ሰውነቷን አርገፈገፈች። ይህን ማንም አልጻፈላትም። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ሲገባቸው ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን አወለቀ፤ አንደኛው "እግዜር ይስጥልን" አለ፤ ቄስ ይመርን እንባ እንባ አላቸው። እኔ የሺን ፈልጌ ወደ በሩ አየሁ። አባቷ ኮርቻውን ተሸክመው ሲገቡ መንገድ ለቀቀችላቸውና ወደ እኔ አየች። ካሜራው ያንን አላነሣውም።

በማግሥቱ ሄዱ። ጋሽ በለጠ አሁንም አዲስ አበባ ና አለኝ። ከመኸሩ በኋላ አልሁ፤ ከጥምቀት በኋላ አልሁ። እግሬን ምን እንደያዘው እሱም ሳያውቅ አልቀረም።

ፊልሙ አልቆ ጎንደር ሲኒማ ቤት መታየት ሲጀምር ዓመት አልፎ ነበር። ጋሽ በለጠ ሊያሳየን ራሱ መጥቶ ላከብን። አያ ተድላ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ እኔም ያለችኝን ኮት አድርጌ፣ በእህል መኪና ላይ ሄድን። አያ ተድላ ሲኒማ አይተው አያውቁም። ጨለማው ሲመጣ ክንዴን ያዙ፤ ራሳቸውን ሲያዩ ለቀቁኝ። ያ ትዕይንት ደረሰ። ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ በቅሎዋ ሄዱ፤ ጠፍሩን ያዙ። በዚህ ጊዜ አንድ ወፍራም ድምፅ በአዳራሹ ሞልቶ "ልጄን ሰጥቻለሁ! እግዚአብሔር ይባርካቸው!" አለ።

አያ ተድላን ማየት ፈራሁ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ጋሽ በለጠ ከደጅ ቆሟል፤ ያፈረ ሰው ፊት ነው ያለው። ገንዘቡን ያወጣው ነጋዴ ፊልሙን አይቶ፣ ሰው አይገባውም፣ ሽማግሌው ይናገሩ ብሎ ከአዲስ አበባ በሌላ ሰው ድምፅ አስሞላው። "ጽሑፍ ከሸጥኸው በኋላ ያንተ አይደለም፤ ገዢው እንደወደደ ያደርገዋል። ይህንንም እንድታውቅ ነው" አለኝ። የሙያውን ሁለተኛ ትምህርት የሰጠኝ ያን ጊዜ ነው፤ ከመጀመሪያው ይልቅ መራራ ነበር። ከዚያ ወደ አያ ተድላ ዞሮ ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት፣ እሳቸው በእጃቸው ከለከሉት።

"እኔ በቅሎ ነው ያራገፍሁ" አሉ። "ድምፁ የእኔ አይደለም። ባለ ድምፁ የራሱን ልጅ ይስጥ።"

ጋሽ በለጠ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ፤ አያ ተድላ ግን አልሣቁም። የምራቸውን ነበር።

ስንመለስ መኪናው አምባ ጊዮርጊስ ላይ እህል ሊጭን ቆመ። ከመንገዱ ዳር ተቀምጠን በሶ በማር እየጨበጥን በላን። ነፋሱ የገለባ ሽታ ይዞ ይመጣል። አያ ተድላ እጃቸውን አራግፈው፣ ሳያዩኝ እንዲህ አሉኝ፦

"አንተስ ምን ትጠብቃለህ? ቃል የሚናገርልህ ሰው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው?"

መሬትም በሬም እንደሌለኝ ልነግራቸው ጀመርሁ። ይህን አላጣሁትም አሉኝ፤ ውሸት እንደማትችልም አላጣሁትም አሉ። ሌላ ነገር ሳንነጋገር ዳባት ደረስን። በሚቀጥለው ወር ሽማግሌ ላክሁ። እንደ ደንቡ አመላለሷቸው፤ ዘመድ ላማክር፣ ልጅቱ ገና ናት፣ ከፋሲካ ወዲያ ኑ። የቸኮለ እኔ ብቻ ነበርሁ። በመጨረሻ ቄስ ይመር ፊት ያንን ቃል በገዛ ድምፃቸው ተናገሩት።

አዲስ አበባ አልሄድሁም። ለወላጆች በዓል አንድ ሁለት ተውኔት ከመጻፍ በቀር የፊልም ጸሐፊም አልሆንሁ። ጋሽ በለጠ ብዙ ጻፈ፤ አንዳንዱን አየሁለት፤ ነጋዴ የነካውን ቦታ ሳይ አውቀው ነበር። ነፍሱን ይማር። አያ ተድላንም ይማር። አንዳንዴ የቀረብኝ ነገር ይታሰበኛል፤ ያገኘሁት ግን ደጅ ላይ ሰፌድ ይዞ ይቆምና ያስረሳኛል።

ጎንደር የወረድሁት እሷን ልጠይቅ ነበር። የሺ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖባት ታክማ ከልጃችን ቤት ሰንብታለች፤ ስደርስ በጨርቅ እንደተሸፈነ ነው። ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ ልጃችን ቴሌቪዥኑን ከፈተችልን። አንድ ድራማ ነበር፤ ሰው የሚያወራበት ጊዜ ደኅና ነው፤ ዝም ሲሉ ግን የሺ ትጨነቃለች። "አሁንስ?" ትለኛለች። ሰውየው ተነሣ እላታለሁ፤ በሩን ከፈተ፤ ዝናብ ነው። በዚያ ባቄላ ማሳ ዳር እንደተማርሁት፣ የሚታየውን ብቻ፣ አንድ በአንድ እነግራታለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ሰውየው ከሚስቱ ፊት ቆሞ ምንም ሳይናገር ቆየ።

"አሁንስ?"

"ዝም ብሎ ቆሟል።"

"ዝም ብሎማ አይቆምም። ምን ሆኖ ነው?"

የሰውየውን ፊት አየሁት። እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ ክልክል ነበር። ጋሽ በለጠ ቢሰማኝ እስክርቢቶውን ያወጣ ነበር።

"ይወዳታል" አልኋት።

"እንዲያ በለኝ እንጂ" አለችና እጄን ፈልጋ ያዘች።